ቢቸና በአሥር ሰው

በ1976 ዓ.ም. የቢቸና ተማሪዎች ቡድን ሞጣ ላይ ዋንጫ በላ ሲባል የሰማ ካለ፣ እውነት ነው፣ በልቷል። አምበሉ እኔ ከፋለ ነበርኩ። እንዴት እንደበላን ግን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ሰው ሲጠይቀኝ ስለ ልምምዳችንና ስለ መምህራችን ጥንካሬ ምናምን እያልኩ አልፈዋለሁ። ውሸቴን ነው። ልምምዳችንም እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም።

ማሊያችን ስድስቱ ቀይ፣ አምስቱ ከመታጠብ ብዛት ሮዝ ሆኖ ነበር። በረኛችን መነጽሩን አውልቆ ነው የሚገባው፣ ምን እንደሚያይ እግዜር ይወቀው። የግራ ክንፋችን ያየህ ነበር። እግሩ ፈጣን ነው፣ ልቡ ግን የፈሪ፤ ተከላካይ በትከሻው ጠጋ ካለው ኳሱን ትቶለት ይሄዳል። እኔም ሜዳ ላይ እሰድበዋለሁ፣ ከሜዳ ስንወጣ ደግሞ ከእሱ ሌላ ጓደኛ አልነበረኝም።

እናቱ እትዬ ባንቺዓለም ባላቸውን ቀብረዋል። ታላቁ ልጃቸው በ69 ከሚሊሺያ ጋር ወደ ሰሜን ሄዶ ወሬው ጠፋ። ስድስት ዓመት ሙሉ መርዶ ሲጠብቁ የኖሩ ሴት ናቸው። የቀራቸው ያየህ ብቻ ነበር።

የመጀመሪያውን ጨዋታ በጥቅምት ጉንደ ወይን ሄደን አንድ ለአንድ ወጣን። ያየህ እግሩ ወለም አለውና እዚያው አክስቱ ቤት ቀረ። እኛን የእህል መኪና ጭኖ ጎህ ሲቀድ ቢቸና አደረሰን። የስፖርት አስተማሪያችን መምህር አካለ ወልድ፣ "እናቱ ልጃቸው ሲቀር እንዳይሰጉ፣ ወደየቤታችን ከመግባታችን በፊት እንንገራቸው" አሉ። አሳባቸው ደግ ነበር። ሰፈራችን በዚያ በኩል የሆነው ሰባታችን ተከተልናቸው። የጥቅምት ብርድ አጥንት ይሰብራል፣ ሁላችንም ጋቢያችንን እስከ ዓይናችን ተከናንበናል።

በእኛ አገር ጎህ ሲቀድ ጋቢ ተከናንቦ፣ ሰብሰብ ብሎ፣ ትልቅ ሰው አስቀድሞ የሰው በር የሚያንኳኳ ሰው ለአንድ ጉዳይ ብቻ ነው የሚመጣው። ይህን የማያውቅ ሕፃን የለም። ያን ጠዋት ግን ስምንት ሰዎች አንድ ላይ ረሳነው።

እትዬ ባንቺዓለም በሩን ከፈቱ። መምህርን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከዚያ ከመሐላችን ያየህን ፈለጉ።

"ልጄን!" አሉ።

"ኧረ ደህና ነው እትዬ ባንቺዓለም፣ ምንም አልሆነም" አሉ መምህር።

መርዶ የሚያረዳ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚለው ይህንኑ ነው። እትዬ ባንቺዓለም ቀሚሳቸውን እስከ ታች ቀደዱት። ጩኸቱን የሰማ ጎረቤት አጥሩን ዘሎ ገባ፣ ፀሐይ ሳትወጣ ግቢው ሞላ። "እግሩ ወለም ብሎት ነው! ጉንደ ወይን ነው ያለው!" እያልን ድምፃችን እስኪዘጋ ጮኽን። ሰዉ ራሱን እየነቀነቀ "ተዉ ልጆች፣ አትሸፋፍኑ፣ ታልቅስበት" አለን። እኩለ ቀን ላይ ዳስ ተጣለ። ደብተሮቹና ነጭ ሸሚዙ ወጥተው ተለቀሰባቸው። አሳፋሪው ነገር፣ አልቃሿ የእግሩን ፍጥነት ስታነሳ እኔም ዕንባዬ መጣ።

በሦስተኛው ቀን ያየህ እያነከሰ መጣ። እኔ ነኝ ይዤው የገባሁት፣ አሁን ስቀን እንገላገላለን ብዬ። እናቱ ዳሱ ውስጥ ከሴቶች ጋር ተቀምጠው ነበር። ቀና ብለው ለረጅም ጊዜ አዩት።

"ከሩቅ ነው የመጣኸው ልጄ?" አሉት። "እግዜር ይስጥልኝ። ልጄን የት ታውቀው ኖሯል?"

"እማዬ፣ እኔ እኮ ነኝ" አለ።

"ጓደኞቹ ሁሉ እንዲህ ይሉኛል፣ ተባረኩ" አሉና ቦታ አስለቀቁለት። ያየህ ተቀመጠ። አንድ ሽማግሌ ወደ ጆሮው ጠጋ ብለው ለሟቹ ምኑ እንደሆነ ጠየቁት። ወደ እኔ አየ፣ ምን ይበል። "ወንድሙ ነኝ" አላቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከለቀስተኞች ጋር በራሱ ዳስ ውስጥ ያድር ጀመር።

ያየህ እግሩ ሲሻለው የሰፈራችንን መሪጌታ ሣህለ ማርያምን ሄደን አማከርናቸው። ሰምተውን፣ "ያረዳችሁት እናንተ ናችሁ፣ መመለስም ያለባችሁ እናንተ" አሉ። "ያን ቀን የሄዳችሁት ሁላችሁ፣ አንድም ሳይጎድል፣ በዚያው ሰዓት ሂዱና መርዶው ሐሰት ነበር በሏት። እሱም አብሯችሁ ይቁም። ነገር ግን ከአርባው በፊት ይሁን። የአርባው ፍትሐት ከደረሰለት በኋላ እኔም ልመልሰው አልችልም።"

ቀላል ነገር ነበር። በማግስቱ መሄድ እንችል ነበር፣ ግን በማግስቱ ወደ ሉማሜ ተጓዝን።

ሉማሜ ላይ ያየህን የሚይዘው ተከላካይ ጠፋ። ያየሁትን ነው የምናገረው። ኳሱን ይዞ በተከላካዮቹ መሐል ሲያልፍ ዓይናቸው እኛ ላይ ነበር። ሁለት ጎል አገባ። ሰዉ የጮኸው ግን ጎሎቹን ባገባው በያየህ ስም ሳይሆን፣ በአቅራቢያው በነበረው በአጥቂያችን በፋንታ ስም ነው፣ ዳኛውም ለፋንታ ጻፈ። ስንወጣ የሉማሜ አምበል ጨብጦኝ፣ "አሥር ሆናችሁ ነው ያሸነፋችሁን፣ ጀግኖች ናችሁ" አለኝ።

መምህር ለዳኛው የሰጡትን ወረቀት አየሁት። አሥር ስም ነበር። "አሥራ አንድ ጽፌአለሁ!" ብለው ማሉ። ቀጥሎ ከአማኑኤል ከተማ ቡድን ጋር በተጫወትን ዕለት ሲጽፉ አጠገባቸው ቆሜ ተመለከትኩ። አሥረኛውን ጻፉ፣ ብዕራቸውን ዘጉ፣ "ሞላ" አሉ። አንድ ስም ይቀራል ማለት እችል ነበር፣ አፌ ላይም ደርሶ ነበር። አላልኩም። አማኑኤልን ሦስት ለዜሮ አሸነፍን፣ ሦስቱንም ያየህ አገባ። ሦስቱም ለፋንታ ተጻፉ፣ ፋንታም ማመን ጀመረ።

ያየህ ከየጨዋታው በኋላ ይመጣል። "ከፋለ፣ ነገ ጠዋት እንሂድ?" ይለኛል። አንዴ ሰባታችን አልተሟላንም፣ አንዴ ልምምድ አለ፣ አንዴ ደክሞናል። ክፍል ውስጥ ስም ሲጠራ ይዘለላል። ሰው ቤት ስንጋበዝ መሶቡን ከበን እንቀመጣለን፣ እሱ ጋ እጅ ማስታጠቢያው አይደርስም። ቀበሌው ለብሔራዊ ውትድርና የሚመዘገቡ ወጣቶችን ስም ሲለጥፍ ሁላችንም ነበርንበት፣ እሱ ብቻ የለም። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ያን ዕለት ቀናሁበት።

የፍጻሜው ጨዋታ ሞጣ ላይ ተቆረጠ፣ ልክ በአርባው ቀን። መኪናው የሚነሳው በዋዜማው ነበር። ያየህ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠበቀኝ። ከስቷል፣ ማሊያው ሰፍቶታል።

"እባክህ ከፋለ፣ ዛሬ ጠዋትም አለፈ" አለኝ። "የቀረን የነገ ጎህ ነው። ሞጣ ከሄድን ግን አለቀልኝ። ትላንት ደጃፍ ላይ እናቴን ተሻግሬ አለፍኩ፣ ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም።"

"ዋንጫውን ይዘን እንመለስና እንሄዳለን" አልኩት። "እናትህ የትም አይሄዱ።"

"መሪጌታ ያሉትን ሰምተሃል።"

"መሪጌታ ስለ ኳስ ምን ያውቃሉ?" አልኩ። የማይረባ መልስ ነበር፣ ሁለታችንም እናውቃለን። እናቱ ካወቁት፣ ሌላውም ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ተከላካይ ይይዘዋል። የሚያዝ ያየህ ደግሞ ለሞጣ አይበቃም። ይህን ሁሉ አስቤ ነው መኪናው ላይ የወጣሁት። ያየህም መጣ። ምን ያድርግ፣ ከእኛ ሌላ የሚያየው አልነበረም።

የሞጣ ሜዳ በሰው ተጥለቅልቆ ነበር። ሞጣዎች ከእኛ ይሻላሉ፣ ደበደቡን ብል ይቀለኛል። መነጽር የሌለው በረኛችን እንዴት እንዳዳነን እሱም አያውቀው። ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው ኳሷን ከእኛ ጎል ፊት ጠልዤ አወጣሁ። ያየህ ተቀበለና በግራ በኩል ሮጠ። ሌሎቻችን ሁሉ፣ ፋንታም ጭምር፣ ከመሐል ሜዳው ወዲህ ነበርን። የሞጣው በረኛ እጁን አጣምሮ ወደ እኛ ይመለከታል። ያየህ አጠገቡ ደርሶ ቆመ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ በጎኑ አገባት።

ማንም አልጮኸም። ዳኛው እያመነታ ፊሽካውን ነፋና ወረቀቱን ይዞ ወደ እኔ መጣ።

"ጎሉ ጎል ነው" አለ። "አምበል፣ ማን አገባው? ስም እፈልጋለሁ።"

ወረቀቱን አየሁት። አሥር ስም። ያየህ ነው ካልኩ፣ ያልተመዘገበ ተጫዋች ነውና ጎሉ ይሰረዛል፣ ዋንጫውም ይቀራል። ነገር ግን ስሙ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ይጠራል፣ በብዕርም ይጻፋል። ጣቴን ወደ እሱ ብቀስር ዳኛው የሚያየው መሰለኝ፣ ሜዳ ሙሉ ሰውም ከዳኛው ጋር። ያየህ ከጎሉ አጠገብ ቀኝ እጁን ከፍ አድርጎ ቆሟል። የሚጠባበቅ ዓይን ነበረው። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያየኝ ሰው የለም።

"እኔ ነኝ" አልኩ።

ዳኛው ጻፈ። ሜዳው አበደ፣ ልጆቹ ተሸከሙኝ። ከትከሻቸው በላይ ሆኜ ስፈልገው እጁን አውርዷል። ማሊያውን አውልቆ መሬት ላይ አጥፎ አስቀመጠና በሰዉ መሐል አልፎ ሄደ። ማንም መንገድ አልለቀቀለትም፣ ማንንም ግን አልነካም።

በማግስቱ መኪናው ሊነሳ ሲል መምህር አካለ ወልድ ቆጠሩን። "ሞልተናል" አሉ። ማንም አልተቃወመም፣ እኔም አልተቃወምኩም።

ከሰዓት በኋላ እየጨፈርን ቢቸና ገባን። የአርባው ተዝካር በማግስቱም ገና አልተበተነም፣ እትዬ ባንቺዓለም መንገድ ላይ ወጥተው መኪናውን አስቆሙ። "የልጄ ጓደኞች ሳትቀምሱ አታልፉም" አሉ። ዳሱ ውስጥ ገብተን በተርታ ተቀመጥን። ሲያስተናግዱ እኔ ጋ ደርሰው ቆሙ። ፊታቸው ከዚያ ጠዋት ወዲህ እንዲህ ቀሎ አይቼው አላውቅም።

"አንተ ነህ አሉ ያገባኸው?"

"አዎ እትዬ።"

"እሰይ የኔ ልጅ!" ጎንበስ ብለው ጉንጮቼን አገላብጠው ሳሙኝ። "ያየህ ቢኖር እንዴት ደስ ባለው!"

"በጣም ደስ ይለው ነበር" አልኳቸው። እጄን ታጠብኩና የቀረበልኝን በላሁ።