በሆልትዊክ ስለ ቤት አልባዎች የተመከረ ሰሞን

የጉባኤ ማዕከል በሆነው በሆልትዊክ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት የአስተናጋጆች አለቃ ሆኜ ሠርቻለሁ። በዓለም ላይ ያልተፈታ ችግር ካለ፣ እኛ ሳሎን ውስጥ ስላልተወያዩበት ብቻ ነው። ረሃቡ፣ ጦርነቱ፣ የወጣቱ ብቸኝነት፣ ሁሉም ዓርብ ይገባል፣ እሑድ ከምሳ በኋላ ተፈትቶ ይወጣል። እኔ በእነዚህ እጆቼ አርባ ሺህ ፕሮፌሰር አብልቻለሁ፤ አንዱም የበላበትን ሳህን አንስቶ አያውቅም። ቤቱ አራት መቶ ዓመቱ ነው። ለእንግዳ ሳወራ ስድስት መቶ አደርሰዋለሁ፤ የታሪክ ምሁራኑ ሳይቀሩ ራሳቸውን እየነቀነቁ ይጽፉታል።

በዚያ ጥቅምት ስድሳ ሰው መጣ። ርዕሱ «ቤት የሌለው ወገናችን» ነበር። ለወገናቸው እያዘኑ የበግ ጥብሱን በናና ስጎ ሦስት ሦስት ጊዜ አስጨመሩ።

ነገሩ የተጀመረው ዓርብ ከሰዓት ነው። ዳይሬክተሩ ዶክተር ፒርስ ላንየን ከቦርዱ ሰብሳቢ ከሌዲ ሮዛመንድ ጋር ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ተቀምጦ ነበር፤ እኔ ሻይ እቀዳለሁ።

«በዋናው በር ላይ ያለችው ትንሽ ቤት ለዝምታ ክፍል ትመቻለች» አለ። «ተሳታፊዎቻችን ስለ ቤት አልባው ሲያስቡ ውለው አእምሯቸው ይዝላል። ማረፊያ ያስፈልጋቸዋል።»

«ሰው ይኖርባት የለም እንዴ?»

«አንዲት የድሮ ልብስ አጣቢ ናት። በወሩ መጨረሻ ትለቃለች።»

«ምስኪን!» አለች ሌዲ ሮዛመንድ። ወዲያው ስኳር አቀብለኝ አለችኝ።

ማንቆርቆሪያውን ይዤ ቀረሁ። «ዶክተር፣ ወይዘሮ ስታብስን ነው የሚሉት?»

«ክላይቭ» አለኝ፣ ለሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው ፈገግ ብሎ፣ «የቤታችንን ደንብ ታውቃለህ። እዚህ የተነገረውን ማውራት ይቻላል፤ ማን እንደተናገረው መጥራት ግን ነውር ነው።»

የሚኮሩበት ደንብ ይህ ነው። ሰው በነፃነት እንዲያስብ ነው ይላሉ። እኔ በሃያ ሁለት ዓመት ያየሁት ግን ሰው ክፉ ሐሳቡን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ እጁን ታጥቦ ሲሄድ ነው።

ወይዘሮ ዊኒፍሬድ ስታብስ ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። የዚህን ቤት አንሶላ ሠላሳ አንድ ዓመት አጥበዋል። የድሮው ጌታ ቤቱን ለቦርዱ ሲያስረክብ፣ «አንቺ እስክትሞቺ በበሩ ቤት ትኖሪያለሽ» ብሏቸው ነበር። ሄጄ ስነግራቸው ድንች እየላጡ ነበር።

«ማነው እንዲህ ያለው?» አሉ።

«ተዉት እሱን። ጌታው ሲሰጥዎ በወረቀት ነበር?»

«በቃሉ ነዋ! ያኔ ሰው ቃል ነበረው፣ አንተ!»

«ወረቀት ቢኖር ኖሮ እኮ...»

«ወረቀት ወረቀት አትበለኝ! እነዚያ ከላይ ጉባኤ የተቀመጡት ግድግዳ ላይ ወረቀት ሲለጥፉ አይደል የሚውሉት? ምን ፈየዱ?»

«ልጅዎ ጋ ቢሄዱስ?»

«ልጄ ያለው አውስትራሊያ። በሻንጣ ይውሰደኝ?» ድንቹን ውሃው ውስጥ ወረወሩት። «ደግሞ አንተ መጠጥ ቤቱ ውስጥ ጉራህን ስትነፋ ሆልትዊክ ያለ እኔ አንድ ቀን አይቆምም ትል የለም? እስቲ አንዲት አሮጊት አቁም!»

ብዙ ሰው ሰድቦኛል፤ እንዲህ አድርጎ አጥንቴ ድረስ የገባ ግን የለም።

ቅዳሜ ሙሉ በአሥር በአሥር እየተከፋፈሉ ተወያዩ። ግማሹ ዓይኑን ጨፍኖ ነው የተወያየው፤ ሲያንኮራፉም ሰምቻለሁ። እሑድ ረፋድ ለመዝጊያው ሁሉም አዳራሹ ውስጥ ተሰበሰበ። ዶክተር ላንየን ሁልጊዜ እንደሚያደርገው ሰዓቱን እያየ፣ «ከቤቱ ሠራተኞችስ የምትሉት አለ?» ብሎ ጠየቀ። ይህን በየጉባኤው ይጠይቃል፤ መልስ ሳይጠብቅም አመስግኖ ያልፋል።

ትሪዬን አስቀመጥኩ። «አለ» አልኩ።

ስድሳ አንገት ዞረ። የሚያወራ ወንበር ያዩ ይመስሉ ነበር።

«በነዚህ ቀናት እዚህ ቤት ከሰማሁት ሁሉ ልቤን የነካኝ አንድ ነገር ነው» አልኩ፣ ድምፄን እንደ ጳጳስ አወፍሬ። «እንዲህ ተባለ፦ ስለ ቤት አልባ የምንመክር እኛ፣ መጀመሪያ በራችን ላይ ያሉት ወይዘሮ ስታብስ ዕድሜ ልካቸውን እንዲኖሩበት በጽሑፍ እናረጋግጥ። ዛሬውኑ። እኔ ይህን ስሰማ እንባዬ መጣ። ማን እንደተናገረው ግን ደንቡ ስለማይፈቅድልኝ አልጠራም።»

ማንም አላለውም። ዓይኔን ሳላሽ ነው የዋሸሁት።

ስድሳ ሊቅ ጫማ ጫማውን አየ። አልሰማሁም የሚል ተኝቼ ነበር ማለቱ ነው፤ ማን አለ ብሎ የሚጠይቅ ደንብ ይጥሳል፤ አይሆንም የሚል ደግሞ አሮጊቷን ብርዱ ሊገባ ሲል ከቤቷ የሚያስወጣት እሱ ነው። ስለዚህ የተማረ ሰው በተቸገረ ጊዜ ሁሉ የሚያደርገውን አደረጉ፤ ተስማሙ።

አንድ ጢማም ፕሮፌሰር ጉሮሮውን ጠረገ። «በእኛም ቡድን ተነስቷል፤ በሌላ አገላለጽ።»

«በእኛም!» አለች ሌላዋ። «ያውም ሰፋ ባለ መልኩ።»

ሌዲ ሮዛመንድ ከመቀመጫዋ ተነሳች። «እኔማ ከዓርብ ጀምሮ ስለው ነበር!» አለች። ስኳሩን ያቀበልኳት እኔ ነኝ፤ ቆሜ ሰማኋት። ጭብጨባው ጣራውን ሊያነሳው ደረሰ።

ዶክተር ላንየን እንደ ቲማቲም ቀልቷል። «ግሩም ነው፣ በጣም ግሩም ነው... ብቻ ሂደቱን ጠብቀን፣ ኮሚቴ አቋቁመን...»

«ፒርስ፣ አትንዛዛ!» አለችው ሌዲ ሮዛመንድ። «ቀላል ነገር አታወሳስብ።»

ጸሐፊዋ ምሳ ሳይቀርብ ጽፋ በቤቱ ማኅተም አተመችው። ሌዲ ሮዛመንድ ፈረመች። ዶክተሩ ለምስክርነት ሲጠራ ኪሱን መዳበስ አበዛ፤ ብዕር ከእኔ አላጣም።

ወረቀቱን ይዤ ቁልቁል ወረድኩ። ወይዘሮ ስታብስ መነጽራቸውን አድርገው፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ አጥፈው ጡታቸው ሥር ሸጎጡትና ሁለተኛ ሳህን አወጡልኝ። አንድ ጉርሻ ሳልውጥ በሩ ተንኳኳ። ሌዲ ሮዛመንድ ናት፤ ከኋላዋ ካሜራ ያንጠለጠለ ሰው ቆሟል።

«ውድ ወይዘሮ ስታብስ! ለዓመታዊው መጽሔታችን አንድ ፎቶ እንነሳ ብዬ ነው። ወጥ ቤትዎ ውስጥ፣ እጅ ለእጅ ተያይዘን። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።» እግሯን ወደ ውስጥ አነሳች።

ወይዘሮ ስታብስ ከባርኔጣዋ እስከ ጫማዋ በዝግታ አዩዋት።

«ሴትዮ፣ ምሳዬ እየቀዘቀዘ ነው» አሏት። በሩን አፍንጫዋ ላይ ዘጉት፤ መቀርቀሪያም ጨመሩበት።