የሚከብደው ክፍል

“ቲቸር፣ ከኋላዬ ሰው አለ።”

የሳይንስ መምህርቷ ዞር ብላ አላየችም። ግድግዳው ላይ በሚታየው ፊልም ጠፈርተኛው ፎጣ በውሃ ነክሮ እየጨመቀ ነበር። ውሃው መንጠባጠቡን ትቶ እጁን እንደ ጓንት ሲያለብሰው ልጆቹ እንዲያዩላት የፈለገችው ይቺን ቅጽበት ነበር።

“ከኋላሽ ያለው ግድግዳ ነው፣ ቀጮ” አለች። “አሁን እዩልኝ! ውሃው ለምን አልወደቀም?”

ሌላ ጊዜ ቢሆን “እኔ ልመልስ! እኔ ልመልስ!” እያሉ ጆሮዋን ያደነቁሯት ነበር። ዛሬ ግማሾቹ ጭንቅላታቸውን ዴስክ ላይ ጥለዋል። የቀሩት አፋቸውን ከፈት አድርገው በጨለማው ውስጥ ሌላ ነገር የሚያዳምጡ ይመስላሉ። ወዲያው ከመጨረሻው ረድፍ የሚወድቅ ወንበር ድምፅ ተሰማ። ቀጮ መሬት ላይ ተዘርግታለች።

ተሸክመው ወደ ግቢው አወጧት። ዓይኗን ስትገልጥ መጀመሪያ የጠየቀችው “ሄደ?” ብላ ነበር።

ቀጮ የክፍሉ ልጆች ያወጡላት ስም ነው። ረጅምና ቀጭን ስለሆነች ሌሎቹን እንዳትከልል ሁልጊዜ ከኋላ፣ ከግድግዳው ሥር ትቀመጣለች። የወደቀችበት ክፍል ደግሞ የመምህርቷ ኩራት ነበር። የተሰባበሩ ወንበሮች መጣያ የነበረውን ቤት ርዕሰ መምህሩን ለምና ተቀበለች፤ ግድግዳውን ጥቁር ቀለም ቀባች፤ መስኮቶቹን በጥቁር ላስቲክ ሸፍና ጠርዝ ጠርዙን በፕላስተር አሸገች፤ ከብር ወረቀት ኮከብ ቆርጣ ለጠፈች። ልጆቹ “ጠፈር” አሉት። ስበትን በፎርሙላ ስታስተምር ያዛጉ የነበሩ ሁሉ ጠፈርተኞች ሻማ ሲለኩሱ፣ ዘር ሲዘሩ፣ ጥፍራቸውን ሲቆርጡ እያዩ ስለ ፊዚክስ ይከራከሩ ጀመር። መብራት ሲጠፋ የትምህርት ቤቱ ጥበቃ ጄኔሬተር ያስነሳሉ። ጩኸቱ የጠፈርተኛውን ድምፅ ዋጠብኝ ብላ ስትነጫነጭ ደግሞ ጥበቃው ጄኔሬተሩን ከግቢው አንስተው ከክፍሉ ጀርባ ያለች ጠባብ ዕቃ ቤት ውስጥ ከተቱላት።

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ነው ልጆቹ “ቲቸር፣ ይሄ ክፍል ይከብዳል” ማለት የጀመሩት።

“እኔ ክብደት ስለሌለበት ቦታ ሳስተምር እናንተ ከበደን ትሉኛላችሁ?” ብላ አሳቀቻቸው። መምህራን ማረፊያም ገብታ ቀልዱን ደገመችው፤ እዚያም ተሳቀ።

አሁን የሚስቅ አልነበረም። ሰኞ ዕለት ተማሪው ሁሉ በዚያ ክፍል የሞተ ሰው እንዳለ ያወራ ነበር። አንዱ የታነቀ ዘበኛ ነው ይላል፤ ሌላው ግድግዳ የተጫነው ግንበኛ። የቀጮ እናት ልጇን ሳታስከትል ብቻዋን መጣች። ልብስ ሰፊ ናት፤ የመለኪያ ሜትሯን ከአንገቷ ሳታወርድ ነው ከቤት የወጣችው።

“መምህርት፣ በእርስዎ አልፈርድም” አለች። “ልጄ ላይ ምን እንዳደረባት ግን አላውቅም። ፊቷን አዙራ ባዶ ቦታ ታያለች። ገጠር አክስቷ ጋ ልሰዳት ነው።”

“ትምህርቷስ?”

“ትምህርት ለጤነኛ ነው፣ መምህርት።”

መምህርቷ ተናደደች። በእናትየዋ ሳይሆን በወሬው። ከትምህርት በኋላ ግቢው ጭር ሲል መብራት አልነበረም፤ ጥበቃውን ጄኔሬተር እንዲያስነሱላት ጠይቃ ክፍሉ ውስጥ ብቻዋን ገባች። በሩን ዘጋች። አንድ ሙሉ ፊልም አይታ ወጥታ፣ ነገ “ማንም የለም፣ ተቀምጬ አይቻለሁ” ልትላቸው ነው።

ቀለሙ እስካሁን ይሸታል። ግድግዳው ላይ ጠፈርተኛው በመኝታ ከረጢቱ ውስጥ ሆኖ አጠገቡ ስላለው ማራገቢያ ያስረዳል። እዚህ የሞቀ አየር ወደ ላይ አይወጣም ይላል፤ ማራገቢያው ካልገፋልን የተነፈስነው ፊታችን ላይ ተከማችቶ ይቀርና በራሳችን ትንፋሽ እንታፈናለን፤ ስለዚህ የሚያስፈራን ድምፁ ሳይሆን ዝምታው ነው። ይህን ለልጆቹ ስንት ጊዜ ተርጉማላቸዋለች! እነሱም ወደውት ነበር።

ግንባሯን ይወጋት ጀመር። ቀጥሎ የልቧን ምት በጆሮዋ ሰማች። ከዚያ በግራዋ በኩል፣ ትንሽ ወደ ኋላ ብሎ፣ ሰው ቆመ። አልነካትም፤ አልተናገረም። የያዝሽውን ጋዜጣ እስክትጨርሺ በትዕግሥት እንደሚጠብቅ ሰው ዝም ብሎ ቆመ። ዞራ ልታየው ትችል ነበር፤ ግን መዞሩ ሰለቻት። ጠፈርተኛው ንግግሩን ገታ አድርጎ እሷን ሳይሆን ከትከሻዋ አልፎ የሚያይ መሰላት። አልፈራችም። እንዲያውም ምቾት ተሰማት፤ ጭንቅላቷን ዴስኩ ላይ አድርጋ የቆመው ሰው ንግግር እስኪጀምር ብትጠብቀው ደስ ይላት ነበር።

እግሯን ለማንሳት ሞከረች። እምቢ አላት።

“ከበደኝ” አለች ለራሷ።

ያኔ ቃሉን ሰማችው። ልጆቹ ሲነግሯት የሰነበቱት ይሄንኑ ነበር። እግሬ ከበደኝ፣ ራሴ ከበደኝ፣ ዓይኔ ከበደኝ ማለታቸው ነበር። እሷ በቀልድ ወሰደችው፤ ሰፈሩ በመንፈስ ተረጎመው። ከወንበሩ ወድቃ በእጅና በጉልበቷ ወደ በሩ ዳኸች። በሩ የራቀባት ያህል ምንም ነገር ርቋት አያውቅም። ስትወጣ ሣሩ ላይ አስመለሳት።

“ምነው ልጄ? ምን ነካሽ?” አሉ ጥበቃው እየሮጡ።

“ጄኔሬተሩን ያጥፉት አባባ! ያጥፉት!”

የዕቃ ቤቱ በር ሲከፈት ሰማያዊ ጭስ ወጣ። የኤሌክትሪክ ገመዱ በግድግዳው በኩል ያልፍ ዘንድ የተበሳው ቀዳዳ ቡጢ ያህላል። በወዲያኛው ወገን የሚወጣው ቀጮ ከምትቀመጥበት ወንበር ጀርባ ነው። ሽታውን ቀለሙ ሸፍኖታል፤ መውጫውን ደግሞ እሷ ራሷ በፕላስተር አሽጋዋለች።

ርዕሰ መምህሩ በማግስቱ ጠዋት ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰሟት።

“ይሄን ማን ያውቃል?” አሉ።

“እኔ፣ ጥበቃው፣ እርስዎ።”

“በቃ። ክፍሉን እንቆልፈዋለን፤ ጄኔሬተሩም ወደ ግቢ ይመለሳል። ክፍሉ ይከብዳል ብሎ አገሩ ሁሉ አምኗል፤ ይመን። የሚጠየቅ ሰው የለም።”

“ልጅቷስ?”

“አክስቷ ጋ ሄዳ አየር ትቀይራለች። እህቴ፣ አፍሽን ዝጊ አላልኩሽም። አትክፈቺው ነው ያልኩሽ።”

መምህርቷ ደስ አላት። እውነቱ ይህ ነው፤ ከቢሮው ስትወጣ ትከሻዋ ቀሎላት ነበር። ደረጃውን ወርዳ ሳትጨርስ ግን ያ ደስታ ራሱ አስጠላት። እሷ ሥራዋን ይዛ ትቀጥላለች፤ አንዲት ልጅ ደግሞ ዕድሜ ልኳን መንፈስ ያደረባት እየተባለች ትኖራለች። ክላሷን ለሌላ መምህር አስይዛ ወደ ልብስ ሰፊዋ ቤት ሄደች።

ከስፌት መኪናው አጠገብ ያለው ሻንጣ ግማሹ ሞልቷል። ቀጮ አልጋው ጥግ ላይ ጀርባዋን ግድግዳ ላይ ለጥፋ ተቀምጣለች።

“ልጅዎ ላይ ያደረ ነገር የለም” አለች መምህርቷ ሳትቀመጥ። “የጄኔሬተር ጭስ ነው ያፈናት። ጄኔሬተሩን እዚያ ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ መስኮቱንም የደፈንኩት እኔ ነኝ። ዛሬውኑ ሐኪም ይያት፣ አብሬያችሁ እሄዳለሁ።”

እናትየዋ የያዘችውን ቀሚስ ለቀቀችው።

“ልጄን ገድለሽብኝ ነበራ!” አለች። እርስዎ ማለቱ ቀርቷል።

“አዎ።”

እናትየዋ ጮኸች፣ ተሳደበች፣ ደክሟት ወንበር ላይ ወደቀች። መምህርቷ ሁሉንም ቆማ ሰማች።

“ቲቸር” አለች ቀጮ ቀስ ብላ። “ከኋላዬ የነበረውስ?”

ለዚህ መልስ ተዘጋጅታበት ነበር የመጣችው። “ጭሱ ደም ውስጥ ሲገባ አንጎል አየር ያጥረዋል። ያኔ የሌለ ነገር ያያል።”

ልጅቷ መልሱን እንደ ጎበዝ ተማሪ አሰበችበት። አላመነችም ወይም ማመኑ አላጽናናትም።

“እርስዎም ጋ መጣ?”

እናትየዋ ቀና አለች። መምህርቷ የሁለቱንም ዓይን ፊቷ ላይ አየች። “አልመጣም” ብትል ሳይንሱ ንጹሕ ሆኖ ይቀራል፤ ልጅቷ ግን ብቻዋን ትቀራለች። “መጣ” ብትል እናትየዋ ሻንጣውን ሞልታ ልትዘጋው ትችላለች።

“በግራ በኩል ነው?” አለች ቀጮ።

ስለ ግራው ለርዕሰ መምህሩም፣ ለጥበቃውም፣ ለማንም አልተናገረችም ነበር። ለዚህ ማብራሪያ አልነበራትም፤ ከሄደች በኋላ ትፈልጋለች።

አልጋው ላይ ከልጅቷ አጠገብ ተቀመጠች።

“አዎ” አለች። “በግራ። ትንሽ ወደ ኋላ ብሎ።”

ቀጮ ረጅም ትንፋሽ አወጣች።

“እንግዲያው እኔ ብቻ አይደለሁማ።”