መጋዙ ላይ የተቋረጠ ክርክር

ቀለም ቀቢውና ቀጮ የሚሉት ባልደረባው በአንድ የእንጨት ሥራ ቤት ጎን ለጎን ሲሠሩ ዓመታት አልፈዋል። ቀጮ መጋዙ ላይ ቆሞ ጣውላ ይሰነጥቃል፤ ቀለም ቀቢው ከጀርባው ያለቀለትን በርና ቁም ሳጥን ቫርኒሽ ይቀባል። ሁለቱን ያወዳጃቸው ግን ሥራው ሳይሆን ፊልም ነው፤ ያውም አንድ ማለቂያ የሌለው የስለላ ፊልም። አዲስ ክፍል በወጣ ቁጥር አብረው ገብተው ያያሉ፤ ከዚያ ቀጣዩ እስኪመጣ ድረስ ሲጨቃጨቁ ይከርማሉ። የቀጮ ሚስት፣ "ሁለታችሁ ብትጋቡ ኖሮ እኔ በተገላገልኩ!" ትላቸው ነበር።

በዚያ ዓመት ጭቅጭቁ ባሰ። ፊልሙን ሲሠራ የኖረው ዳይሬክተር በቃኝ ብሎ ተወውና የሚተካው ሰው ጠፋ።

"ለሴትዮዋ ነው መስጠት" አለ ቀለም ቀቢው አንድ ቀን ረፋድ ላይ። "የሠራችውን የባቡር ፊልም አላየህም? ሰውየው ዝም ብሎ በመስኮት ሲያይ እንኳ ልብህ ድው ድው ይላል።"

"እኔን እንቅልፌን ነው ያመጣችው" አለ ቀጮ ጣውላውን እየገፋ። "ጣራ ለጣራ ያልዘለለ ምኑን ሰላይ ሆነ? ለዚያ ለጎረምሳው ዳይሬክተር ይስጡት።"

"ጎረምሳው መኪና ከማጋጨት በቀር ምን ያውቃል?"

"አንተስ ከመተኛት በቀር ምን ታውቃለህ? ያለፈውን ክፍል እኩሌታውን አንኮራፍተህ አይደል እንዴ የጨረስከው!"

ቀለም ቀቢው በሸቀ። ነገሩ እውነት ስለነበር ይሆናል። ብሩሹን ቆርቆሮው አፍ ላይ ጋደም አድርጎ፣ ከማሽኑ ጩኸት በላይ ጮኸ።

"እስቲ ዞር በልና ዓይኔን እያየህ ድገመው!"

ቀጮ እየሳቀ ዞረ።

የመጋዙ ድምፅ ለአፍታ ወፈር ብሎ እንደገና ቀጠነ። ቀጮ ሳቁ ከፊቱ ሳይጠፋ እጁን ወደ ላይ አንሥቶ አየው። ቀለም ቀቢው ማሽኑን እንዴት እንዳጠፋ፣ ሸሚዙን አውልቆ እንዴት እንደጠቀለለለት አያስታውስም። ሐኪሞቹ ከቀኝ እጁ ማትረፍ የቻሉት አውራ ጣቱን ብቻ ነበር።

በማግስቱ የሥራ ቤቱ ባለቤት ቀለም ቀቢውን ቢሮው አስጠራው።

"የሥራ ደህንነት ተቆጣጣሪ ትመጣለች" አለው። "ወሬ ይዘን ነበር በላት። እውነት አይደለም?"

"እውነት ነው ጌታዬ።"

"ታዲያ ማን ዋሽ አለህ?"

ቀለም ቀቢው ሲወጣ መጋዙን አየው። እጅን የሚከላከለውን የምላጩን ክዳን ሥራ ያጓትታል ብሎ ያስፈታው ባለቤቱ ራሱ ነበር። ክዳኑ ጥግ ላይ ተጥሎ አቧራ ሲጠጣ ከርሞ፣ አሁን በአዲስ ብሎን ታስሮ ቦታው ላይ ተቀምጧል።

ቀጮ ሆስፒታል እንዳለ ዜናው ወጣ፤ ፊልሙ ለሴትዮዋ ተሰጠ። በሌላ ጊዜ ቢሆን ቀለም ቀቢው ጮቤ በረገጠ ነበር። ስልኩን ዘግቶ ኪሱ ከተተው።

ተቆጣጣሪዋ ስትመጣ ለብቻው አስቀምጣ ጠየቀችው።

"ክዳኑ በዕለቱ ነበር?"

"አልነበረም። ባለቤቱ ካስፈታው ቆይቷል። ይሄ አሁን የታሰረ ነው።"

"ምን እያወራችሁ ነበር?"

"ስለ ፊልም። ቀጣዩን ማን ይሥራው ብለን።" ይህን ሲል በአፍረት ላብ አጠመቀው። "ዞር በል ያልኩትም እኔ ነኝ" ብሎ ጨመረ።

ሁሉንም ጻፈች። እሷ ከግቢው እንደወጣች ባለቤቱ ቀለም ቀቢውን አባረረው። እሱ ግን መንገዱን የሄደው ቀለል ብሎት ነበር፤ ለጓደኛው የመሰከረለት መሰለው።

የካሳው ውሳኔ ሲመጣ ጥፋቱ ለሁለት ተከፈለ። ባለቤቱ ክዳኑን በማንሣቱ፣ ቀጮ ደግሞ "በቸልተኝነቱ"። ካሳው በግማሽ ተቆረጠ።

ቀለም ቀቢው ይህን የሰማው ቀጮ ቤት ሊጠይቀው በሄደ ጊዜ ነው። ቀጮ በፋሻ የተጠቀለለ እጁን ትራስ ላይ አሳርፎ ተቀምጧል። ሚስቱ ወንበር አቀረበችለት እንጂ አላነጋገረችውም።

"ፊልሙን ለምን አነሣህላት?" አለው ቀጮ።

"ጠየቀችኛ።"

"ስለ እንጨቱ ነበር የምናወራው ብትላት ምን ትሆን ነበር? ክዳኑን ተናገርክ፤ እሰየው። እዚያ ላይ አፍህን መያዝ አቃተህ?"

"ዞር በል ያልኩህ እኔ ነኝ። እሱን ውጬ እንዴት..."

"እና ለእሷ ተናዘዝክ!" ቀጮ በግራ እጁ ጉልበቱን መታ። "አንተ ቀለለህ። እኔስ? ልጆቼን በምኔ ላሳድጋቸው?"

ቀለም ቀቢው ከተቆጣጣሪዋ ፊት ሲነሣ የተሰማው ቅልል ማለት ትዝ አለው። ያን ቀን ስለ ማን ብሎ እንደተናገረ ራሱን ሊጠይቅ ፈራ።

"ሂድልኝ" አለ ቀጮ ፊቱን ወደ ግድግዳው መልሶ።

ሚስቱ እስከ በሩ ሸኘችው። ዓይኗ ከማልቀስ ብዛት አብጧል።

"ሁለተኛ አትምጣ አልልህም" አለችው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ግን ቶሎ አትምጣ።"

እሺ ብሎ ወጣ። በሩ ከኋላው ሲቀረቀር ሰማ።