ጸጥ ብሎ የሚታይ ጨዋታ

በ1987 ክረምት ገርጂ ውስጥ ዲሽ ያለው ምግብ ቤት በጣት የሚቆጠር ነበር። አንዱ ከኢምፔሪያል ሆቴል ዝቅ ብሎ ያለው የቶሚ ቤት ነው። ቶሚ ዲሹን ያስተከለው ለእግር ኳስ ቢሆንም ኳስ በሌለ ቀን ያገኘውን ይከፍታል፤ መኪና ሲሽቀዳደም፣ ፈረስ ሲዘል፣ ሰው በበረዶ ላይ ሲንሸራተት፣ ሁሉንም ያያል። አንድ ቅዳሜ ማታ ደግሞ የሴቶች ጎልፍ ላይ ወደቀ።

በማግስቱ ደብሪቱ ዳቦ ይዛ በበሩ ስታልፍ ጠራትና፣ ያቺ ድሮ ያዘሏት ፈረንጅ ስሟ ማን ነበር ሲል ጠየቃት።

ደብሪቱ ሃምሳን የተጠጋች ሴት ናት። አግብታ ፈትታለች፤ አልወለደችም። በወጣትነቷ ግን አንድ ዴንማርካዊ የመንገድ መሐንዲስ ቤት ሞግዚት ሆና ኪርስተን የምትባል ሴት ልጁን ከአራስነቷ ጀምራ አሳድጋለች። ልጅቱ ስድስት ዓመት ሲሞላት አብዮቱ መጣ፤ ቤተሰቡም ጓዙን ጠቅልሎ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ወሬዋ ጠፋ። ሰፈርተኛው ይህን ታሪክ እስኪሰለቸው ሰምቶታል፤ ግማሹ አያምናትም፣ የሚያምናትም «ሞግዚት ስትባል እናት መሰላት» እያለ ያማታል።

ስሟን ስትነግረው ቶሚ ሳቀ። የአሜሪካ ትልቁ የሴቶች ሻምፒዮና ላይ በዚሁ ስም የምትጠራ ዴንማርካዊት እንዳለች፣ የሚያወሩት ሰዎችም አዲስ አበባን ሲጠሩ በጆሮው እንደሰማ ነገራት። የመጨረሻው ቀን ጨዋታ በእኛ አገር እኩለ ሌሊት ስለሚሆን ሰኞ ከሰዓት በኋላ ይደግሙታል አላት። ደብሪቱ ዳቦዋን ቶሚ ጠረጴዛ ላይ ረስታ ቤቷ ገባች። ሰኞ እስኪደርስ የምትጠብቀው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ ያቺን ፊት፣ አድጋም ቢሆን፣ አንዴ ማየት።

ሰው ያስባል። በዚያው እሑድ ረፋዱ ላይ የቶሚ የግንብ ጎረቤት፣ ወሎ ሰፈር የመኪና መለዋወጫ ዕቃ የሚሸጡት አቶ ገብረዋሕድ፣ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው ጫማቸውን እያወለቁ ሳለ ሞቱ። ከሰዓት በኋላ ቀብራቸው ተፈጸመ። የዕድሩ ድንኳን ግቢው ስለማይበቃው መንገዱ ላይ፣ ከቶሚ በር እስከ ሟች በር ተዘርግቶ ተተከለ።

ለቅሶ ባለበት አጥር ሬዲዮ አይከፈትም፣ ቴሌቪዥን አይከፈትም። ይህን ማንም ለማንም አይነግርም፤ ቶሚም ገና ጥሩንባ ሲነፋ የቴሌቪዥኑን ገመድ ከግድግዳው ነቅሏል። ደብሪቱ ላይ ደግሞ ሌላ ተደረበባት። የዚያ ወር የሴቶቹ ዕድር ተረኛ እሷና ሀቢባ ነበሩ፤ ንፍሮ መቀቀል፣ ውኃ ማቅረብ፣ የሩቅ ለቅሶ ደራሽ ሲመጣ ከፊት ወጥቶ መቀበል የእነሱ ሥራ ነው። ደብሪቱና ሟቹ ደግሞ አይዋደዱም ነበር። የገብረዋሕድ ጣራ ውኃ ክረምት በመጣ ቁጥር በደብሪቱ ደጅ ስለሚወርድ ሰላምታቸው ከአንገት በላይ ከሆነ ቆይቷል።

ሰኞ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ደብሪቱ ንፍሮውን ታማስላለች፣ ዓይኗ ግን የቶሚ ጓሮ በር ላይ ነው። ሀቢባ አየቻት። ሀቢባ ሱቅ ያላት የስልጤ ሴት ናት፤ ዓይኗ ሚዛን ነው፣ የሚያመልጣት የለም። ነገሩን ከቶሚ ሰምታለች።

«ሂጂ» አለቻት ማማሰያውን ከእጇ እየወሰደች።

«ሰው ምን ይላል?»

«ሰው ንፍሮውን ይበላል። በጓሮ በር ግቢ። ግን ድምፅ እንዳትከፍቱ፣ ደብሬ፤ ድምፅ ከሰማሁ እኔው ራሴ ነኝ መጥቼ የማጠፋው።»

ቶሚ መጀመሪያ እምቢ አለ። ነገ እዚሁ ሰፈር ነግዶ የሚያድር ሰው ነውና አይፈረድበትም። ደብሪቱ ስትለምነው ያቀረበችው ምክንያት ግን አሸነፈው። ይህ ጨዋታ ቢከፈትም ድምፅ የለውም አለችው። ድሮ ቅዳሜ ቅዳሜ መሐንዲሱ ኤምባሲ ግቢ ጎልፍ ሲጫወት ልጅቱን አዝላ ትከተለው ነበር፤ አንድ ቀን ሰውዬው ሊመታ ሲያነጣጥር እሽሩሩ ብላ ብታንጎራጉር ፈረንጆቹ ሁሉ ዞረው እንደ ሌባ አዩዋት። ከዚያ ወዲያ ሜዳው ላይ ትንፋሿን እንኳ ቀንሳ ነው የምትሄደው።

ቶሚ መጋረጃውን ዘጋ፣ ድምፁን አጥፍቶ ከፈተው።

አረንጓዴ ሜዳ፣ ዙሪያውን እጁን አጣምሮ የቆመ ሕዝብ። ማንም አፉን አይከፍትም። አንዲት ረጅም፣ ፀሐይ ያቃጠላት፣ ቆብ ያደረገች ሴት ዱላዋን ይዛ ትራመዳለች። ቶሚ «እሷ ናት» አለ በሹክሹክታ። ደብሪቱ አላወቀቻትም። ትከሻው የወንድ፣ አረማመዱ የወታደር ነው። ይህችን ነው ያዘልኩት? ምነው ባላየሁ እስከማለት ደረሰች።

ሴትዮዋ ከኳሷ ኋላ ቁጢጥ ብላ መሬቱን ታጠና ጀመር። እያጠናችም የግራ ጆሮዋን ጫፍ በሁለት ጣቷ ይዛ ቁልቁል ሳብ፣ ሳብ አደረገችው።

ደብሪቱ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጫነች። እንቅልፍ ሲመጣባት፣ የጠፋ አሻንጉሊት ስትፈልግ፣ ዋሽታ መያዟን ስታውቅ፣ ልጅቱ የምትጎትተው ይህንኑ ጆሮ ነበር። «እጅሽን አውርጂ፣ እንደ አህያ ይረዝማል» እያለች ስንት ጊዜ መትታታለች።

ከዚያ በኋላ የሰዓቱን መሄድ አላወቀችም። ቶሚ ቁጥሩን ተገላቢጦሽ እያነበበ አንደኛ ሆነች ሲላት፣ ይህ ጨዋታ ትንሽ ጊዜ የመታ የሚያሸንፍበት ነው ብላ አረመችው፤ አንዲት ቢጫ የለበሰች አሜሪካዊት በአንድ ምት ትቀድማታለች። የመጨረሻው ጉድጓድ ደረሰ። ቢጫዋ ጨርሳ ዳር ቆማለች። ኪርስተን ይህችን ኳስ በአንድ ምት ካስገባች እኩል ይሆናሉ፤ ከሳተች አለቀ። ቁጢጥ አለች። ጆሮዋን ያዘች። ተነሣች፣ ዱላዋን ከኳሷ ጀርባ አስተካክላ አቆመች።

በዚህ መካከል የጓሮው በር ተንኳኳ። ሀቢባ ናት። ከደሴ የተነሡት የሟች እኅቶች በላምበረት በኩል ገብተው ከታክሲ እየወረዱ ነው፤ ተረኛዋ የታለች እየተባለ ነው።

ደብሪቱ የቆመችውን ሴት አየቻት፣ በሩን አየች። የሩቅ ለቅሶ ደራሽ ደጅ ላይ የሚቀበለው አጥቶ ከቆመ ነውሩ የተረኛ ብቻ አይደለም፣ የዕድሩ ሁሉ ነው። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰችና ኳሷ ሳትመታ ወጣች።

እኅቶቹን ደግፋ አስገባች፣ አብራ ጮኸች፣ አስቀመጠች። ጥቂት ቆይቶ ቶሚ አግዳሚ ወንበር ተሸክሞ ወደ ድንኳኑ ገባ። ወንበሩን ከአጠገቧ ሲያስቀምጥ ጎንበስ ብሎ «ኳሷ ዳር ዳሩን ታካ አለፈች፣ እትዬ» አላትና ሄደ።

ያኔ ደብሪቱ አለቀሰች። የተረኛ ለቅሶ አልነበረም፤ ድምፅ የሌለው፣ ትከሻ የሚነቀንቅ፣ አፍንጫ የሚያስፈስስ ለቅሶ ነው። ሴቶቹ ተያዩ። በጣራ ውኃ የተኳረፈ ሰው እንዲህ ያለቅሳል? የሟች ሚስት ሃረገወይን ከፍራሿ ላይ ሆና ስታያት ቆየችና ጠርታ አጠገቧ አስቀመጠቻት።

«ይበቃሻል፣ ደብሪቱ። እሱም የጣራውን ቦይ ሳላሠራላት እያለ ይቆጨው ነበር።»

ደብሪቱ ዝም ብላ ልታልፈው ትችል ነበር። የሴትዮዋን እጅ ይዛ መዋሸት ግን ከበዳት።

«ለልጄ ነው የማለቅሰው» አለች።

«ልጅ ነበረሽ እንዴ? መቼ ሞተችብሽ?»

«አልሞተችም። አሜሪካ ናት፤ አሁን ቶሚ ቤት አየኋት። ተሸነፈች።»

ሃረገወይን ያበጠ ዓይኗን ከፍታ አፈጠጠችባት። ለቅሶ ቤት ቴሌቪዥን መከፈቱን ሰማች፣ ገባት፣ ፊቷም ከበድ አለ። ደብሪቱ የሚመጣውን ለመቀበል አንገቷን ደፋች።

«ማን አሸነፋት?» አለች ሃረገወይን በመጨረሻ።

«አንዲት ቢጫ የለበሰች። መጨረሻውን ግን አላየሁም፤ የደሴ ዘመዶችሽ ደረሱ።»

ሃረገወይን ነጠላዋን ጎትታ አፏን ሸፈነች። ትከሻዋ መጀመሪያ በቀስታ፣ ከዚያ መላ ሰውነቷ ተንቀጠቀጠ፤ ሳቋን ማቆም አልቻለችም፤ የደብሪቱን ጉልበት ጭምድድ አድርጋ ያዘች። ከማዶ የተቀመጡት የደሴ እኅቶች ይህን ሲያዩ፣ አይ የወንድማችን ነገር ብለው ሙሾውን እንደ አዲስ አነሡት፤ ድንኳኑም በሙሉ ተከተላቸው።