የፊት ግራ ጎማ

መኪናዋ በአቃቂ በሰቃ ኮረኮንች ላይ ስታዘግም ከፊት በኩል ያው ድምፅ መጣ፤ ቋ። ደርዊሽ መሪውን እንደያዘ ተሸማቀቀ። ከኋላ ወንበር ላይ በትራስ ተደግፋ የተኛችው ሚስቱ ላጢፋ ግን ምንም አላለችም።

ከሆስፒታል እየተመለሱ ነበር። በሽታው ከጡቷ አልፎ አጥንቷ ውስጥ ከገባ ወዲህ በዚህ መንገድ ብዙ ተመላልሰዋል። ዛሬ ግን ሐኪሟ ደርዊሽን ወደ ኮሪደሩ ጠራ አድርጋ፣ ከእንግዲህ መመላለሱ ላጢፋን ከማድከም በቀር ፋይዳ እንደሌለው፣ ቤቷ ሆና ማስታገሻዋን ብትወስድ እንደሚሻል ነገረችው። «ብቻ እንዳይጎረብጣት አድርጉ» አለችው በመጨረሻ። ደርዊሽ ራሱን ነቀነቀ፤ አመስግኖ ወጣ። ለላጢፋ አንዲት ቃል አልተነፈሰላትም። ከዚያ ሁሉ ንግግር ይዞት የወጣው መጎርበጡን ብቻ ነበር። ሌላው ከእጁ አምልጧል፤ የመኪናዋ ነገር ግን ገና የሰው እጅ የሚደርስበት ነው። ስለዚህ ወደ ቤታቸው ወደ ገላን ኮንዶሚኒየም በመሄድ ፈንታ ወደ መካኒኩ ፈቀደ ጋራዥ ታጠፈ።

ድምፁ ከጀመረ ከርሟል። የኤሌክትሪክ መኪና ሞተሩ አይጮህም፤ ድሮ ይነዳው በነበረው ሚኒባስ ጩኸት ውስጥ ይዋጥ የነበረው ኳኳታ ሁሉ በዚህች ላይ እርቃኑን ይሰማል። ሳሪስ አካባቢ ያለ አንድ መካኒክ ቴስቲኒውን፣ መሪውን ከጎማው የሚያገናኘውን ብረት፣ ቀይሮለት ነበር፤ ከጋራዡ በር ብዙም ሳይርቅ ያው ድምፅ ተመልሶ መጣ።

ፈቀደ ሸምገል ያለ፣ ቸኩሎ የማይናገር ሰው ነው። ከኋላ የተኛችውን ሴት ሲያይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሰላምታ ሰጣትና ከደርዊሽ ጎን ተቀመጠ። ሰፈሩን በዝግታ ዞሩ። ፈቀደ መስኮቱን ከፍቶ፣ ጆሮውን ወደ ውጭ አዘንብሎ፣ አንዴ ፍሬን ያዝ፣ አንዴ ጠምዝዘው እያለ አዳመጠ። ከቀኝ በኩል፣ ከታች ሳይሆን አይቀርም አለ፤ ግን እርግጠኛ አልነበረም።

«ከግራ ነው ጋሼ» አለች ላጢፋ ዓይኗን ሳትገልጥ። «ጎማው ጉድጓድ ሲገባ ዝም ይላል። ሲወጣ ነው የሚመታው።»

ፈቀደ ዞር ብሎ አያት። «እንዴት ለየሽው፣ እህቴ?»

«የሚመታው እኔን ነዋ።»

ፈቀደ ወደ ጋራዡ እንዲመለሱ ለደርዊሽ በእጁ አመለከተው።

ጋራዡ ሲደርሱ ፈቀደ ኮፈኑን ከፍቶ መዳፉን የመኪናዋን ንጥረት ከሚያበርደው ከግራው አሞርዛተር አናት ላይ አሳረፈና ደርዊሽ መኪናዋን ወደ ታች ተጭኖ እንዲለቅ ነገረው። ሲጭን ምንም የለም፤ ሲለቅ ብረቱ ከመዳፉ ሥር ዘለለ። ፈቀደ የደርዊሽን እጅ ስቦ እዚያው አስቀመጠለትና እሱ በተራው ተጫነ። ደርዊሽ ያን ምት አሁን በእጁ ነካው። በአሞርዛተሩ አናትና በመኪናዋ አካል መካከል የሚቀመጠው ወፍራም ጎማ ተቀዶ ኖሮ ብረት ከብረት ይጋጭ ነበር። ባትሪው ክብደቱ ቀላል እንዳልሆነና እንዲህ ያለውን ጎማ ቶሎ እንደሚበላ ፈቀደ አስረዳው። ደርዊሽ ግን የሚያስበው ከኋላ ስለተኛችው ነበር።

መኪናዋ በክሪክ መነሳት ስላለባት ደርዊሽ ላጢፋን አቅፎ አወረዳት። ክንዶቹ የሚያውቁትን ክብደት ጠብቀው ስለነበር ሲያነሳት ወደ ኋላ ተንገዳገደ። ጥላ ሥር ከተጣለ አሮጌ የመኪና ወንበር ላይ አስተኛትና አጠገቧ ተንበረከከ። አሁን ልንገራት አለ በልቡ። «ሐኪምሽ...» ብሎ ጀመረ። ፈቀደ ቡሎኑን እንዲይዝለት ሲጠራው ግን ከሞት እንደዳነ ሰው ብድግ ብሎ ሄደ። ሥራው እስኪያልቅ ወደ እሷ አልተመለሰም።

ጀንበር ስታዘቀዝቅ ከጋራዡ ወጡ። የመጀመሪያው ጉድጓድ ጋ ሲደርሱ ደርዊሽ ትንፋሹን ዋጠ። ጎማው ገባ፤ ወጣ፤ ብረቱ ዝም አለ። ፊቱ በፈገግታ ሊፈታ ሲል ከኋላው ቀጭን ድምፅ ሰማ። የምታነጋግረው መስሎት ጆሮውን ሰጠ። በሁለተኛው ጉድጓድ ድምፁ ደገመ፤ ከጉሮሮ አምልጦ ወጥቶ ወዲያው የተያዘ ማቃሰት ነበር።

ያን ጊዜ ገባው። ብረቱ ሲመታ ጠብቃ፣ በምቱ ሥር ታቃስት ኖሯል። ያን ሁሉ ጊዜ ዝምታዋን እንደ ብርታት ቆጥሮ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ዛሬ ቀሏታል ሲል ኖሯል። አሁን በገዛ እጁ መደበቂያዋን ወሰደባት።

እጁ ወደ ሬዲዮው ሄደ።

«ተወው፣ አትክፈተው» አለች። «ሰማኸኝ አይደል?»

«ሰማሁሽ፣ ላጢ።»

የሚቀጥለው ጉድጓድ ሲመጣ ማቃሰቷን አልያዘችውም። ደርዊሽ ጥርሱን ነክሶ መሪው ላይ ተጣበቀ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ከመንገዱ ዳር አወጣና አቆመ።

«እንግዲህ አንተም የደበቅከውን ንገረኝ፣ ደርዬ» አለች። «ሐኪሟ ምን አለችህ?»

ከፊት ወርዶ የኋላውን በር ከፈተ። እግሮቿን ቀስ ብሎ አንስቶ ተቀመጠና ጭኑ ላይ አሳረፋቸው። ከባድ መኪኖች በአጠገባቸው ባለፉ ቁጥር መስታወቱ ይርገበገባል። የእግሮቿን ጣቶች በመዳፎቹ መካከል ያዘ፤ በረዶ ሆነዋል። ላጢፋ ዓይኗን ከፍታ ትጠብቀው ነበር።

«ወደ ኮሪደሩ ጠራችኝና...» ብሎ ጀመረ።