የያንጅማ እናት የጣሪያ ክዳን

ያንጅማ ስትቀና አትደብቅም፤ መደበቁንም አትችልበትም። ሃያ ዓመት ሙሉ የሱፍ ድንኳንን በክብና በመስመር ብቻ ስትስል ኖራለች። በሞንጎሊያ ዋና ከተማ በኡላንባታር የስዕል አዳራሽ ለዐውደ ርዕይ የቀረችው አንዲት ግድግዳም ለእኔ ትገባኛለች ብላ ነው የመጣችው። ታዲያ የትምህርት ቤት ጓደኛዋ ሆርሎ ምን ይዛ ብትመጣ ጥሩ ነው? ሸራ እንኳ አይደለም! ጭስ ያጠቆረው አራት ማዕዘን የድንኳን ሱፍ ወጥራ፣ ከዳር እስከ ዳር አንድ ነጭ መስመር ብቻ አስምራበታለች። ሰው ሁሉ እሱን ለማየት ተሰበሰበ።

የያንጅማ ቆሽት አረረ። «ስዕል ነው ይሄ? የምድጃ ጥላሸት!»

«አንቺ ደግሞ! ቀናሽ እንዴ?» አለች ሆርሎ እየሳቀች።

«በምንሽ ልቅና? በጥላሸትሽ?»

ቀንታለች እንጂ፤ ያውም አንጀቷ እስኪቃጠል። ያቺን መስመር እሷ ብትሆን በሦስት ቀለም ታጨማልቃት ነበር፤ ይህንንም ታውቀዋለች። እንከን ፍለጋ ጠጋ ስትል፣ ጥጉ ላይ በግመል ጠጉር የተጣፈ ቀዳዳ አየች። ስፌቱ የግራ እጅ ነው። የእናቷ! እናቷ ሞተው ድንኳናቸውን ለነጋዴ ስትሸጥ፣ አፓርታማ ለመግባት ቸኩላ የጣሪያውን ጭስ መውጫ የሱፍ ክዳን፣ ይህንኑ፣ ሳታስቀር አብራ ሰጥታዋለች። ድንኳን ይሸጣል፤ ክዳኑ ግን ከቤተሰብ አይወጣም። ይህን ሕፃን ልጅም ያውቀዋል።

ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም ነበር። ቅናት ግን መች ዝም ያሰኛል!

«የእናቴ ክዳን ነው!» ብላ ጮኸች። «በሰው ቤት ክዳን ላይ ይሳላል እንዴ?»

ለግድግዳዋ ስዕል የሚመርጡት ሽማግሌ፣ አባባ ሉቭሳን፣ መነጽራቸውን አወለቁ። «ከእጅሽ እንዴት ወጣ ልጄ?»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ያንጅማ አቀረቀረች።

ሆርሎ አልተከራከረችም። «ከገበያ ነው የገዛሁት፤ የማን እንደሆነ መጠየቅ ነበረብኝ» ብላ ሱፉን አወረደችና በሁለት እጇ አቀረበችላት። «እንኪ፣ ቤቱ ይግባ።»

ግድግዳዋ ለያንጅማ ሆነች፤ ባለቀለም ክቦቿም ተሰቀሉ። ሰዉ ግን «እስቲ አንዴ ዘርጊልን» እያለ የታቀፈችውን ሱፍ ከበበ። ዘረጋችው። ያቺን መስመር ስታይ «ምነው በኔ እጅ በተሰመረች!» አለች በሆዷ፤ እንባዋም ዱብ ዱብ አለ።

«አይዞሽ፣ እናት አትረሳም» አሏት አባባ ሉቭሳን ትከሻዋን ይዘው።

ለእናቷ እንዳላለቀሰች ለመናገር አፈረች።