ምች የገባበት ቤት

ሶፍያ መስኮቱን ትከፍታለች፤ እማማ ዘነቡ ይዘጉታል። ከጠዋት ጀምሮ ሥራቸው ይኸው ነው።

"አራስ ቤት ነፋስ አይገባም ብዬሻለሁ" አሉ እማማ ዘነቡ። የሶፍያ እናት አክስት ናቸው፤ አራሷን ሊጠብቁ ከሳን ሆዜ ከመጡ ዘጠኝ ቀናቸው፤ ቤቱን ግን በሁለተኛው ቀን ወርሰውታል።

"ውጭው እኮ መቶ ሁለት ፋራናይት ነው፣ ሲሪየስሊ።"

"ይሁና። ብርድ አጥንቷ ከገባ ዕድሜ ልኳን ስታቃስት ትኖራለች።"

የዌስት ኦክላንድ አሮጌ ቤቶች የባሕሩ ነፋስ ይበቃቸዋል ተብለው የተሠሩ ናቸው፤ ኤሲ የሚባል ማቀዝቀዣ የላቸውም። ነፋሱ ግን ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ጠባዩ ከፍቷል፣ ሙቀቱም አንዴ ከመጣ አልወጣም ይላል። ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው። አራሷ፣ የሶፍያ እናት ሄለና፣ በጋቢ ተጠቅልላ ተኝታለች። ትናንት በላብ ስትጠመቅ ዋለች፤ አሁን ግንባሯ እሳት ሆኖ ደርቋል።

"ማሚ፣ ውሃ ጠጪ።"

"ባሱ መጣ?" አለች ሄለና።

"የምን ባስ?"

ሄለና ጣሪያውን አየች። ሶፍያ ናይን ዋን ዋን ደወለች። "አምቡላንስ ልከናል፤ እስኪደርስ አቀዝቅዟት" ተባለች። እማማ ግን መስኮቱ ፊት ተገትረዋል።

መጮህ አማራትና ዋጠችው። እማማ በጩኸት ተሸንፈው አያውቁም።

"እማማ፣ ምች የሚመጣው ከምንድን ነው?"

"ከፀሐይ ነዋ። ለዚህ አይደል ከደጅ አትውጣ የምለው።"

"እስቲ ግድግዳውን ይንኩት።"

በንቀት መዳፋቸውን አሳረፉ፤ ወዲያው ሰበሰቡት።

"ፀሐይዋ እዚህ ገብታለች" አለች ሶፍያ። "ምቹን ከማሚ ጋር ቤት ውስጥ ቆልፈነዋል።"

እማማ ዘነቡ የሄለናን ግንባር ዳሰሱ። ከዚያ ጋቢውን ገፈፉ፤ ነጠላቸውን ቧንቧ ሥር ነክረው አንገቷና ደረቷ ላይ ጣሉት። መስኮቱን እስከ ጫፍ ወደ ላይ ገፉት። መስኮቱ አሮጌ ነው፣ እዚያ ድረስ ከተገፋ ሲለቁት ይወርዳል። በክንዳቸው ደግፈው ቆሙ። ሶፍያ በካርቶን ታራግባለች፤ ሕፃኑ ናዖድ ማዶ ክፍል ያለቅሳል፤ አምቡላንሱ ይቅረብ ይራቅ አይታወቅም።

የአምቡላንሱ ሰዎች ኮቴ ደረጃው ላይ ሲሰማ ሄለና ዓይኗን ገለጠች።

"ናዖድ ያለቅሳል" አለች፣ በደረቀ ድምፅ። "ማን ያዘው?"

ሶፍያ ካርቶኑን እንደያዘች ወደ ማዶው ክፍል ዞረች።

"አንቺ ሂጂ ልጁን አንሺው" አሉ እማማ ዘነቡ፣ ክንዳቸውን መስኮቱ ሥር እያደላደሉ። "እኔ ይህን ይዣለሁ።"